ጎረቤት ኬሚካል ሲረጭ ንቦቻችንን እንዴት እናትርፍ?

ንብ አነባለሁ። ሽንኩርትና ሽምብራም አመርታለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለአንዱ ወገን አድልቼ አይደለም። ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ተባይ የሽንኩርቱን ቅጠል ሲያነጣው፣ ጓይ ትል የሽምብራውን ፍሬ በስቶ ሲገባ ዝም ብሎ ማየት አይቻልም። ቤተሰብ የሚበላው ከዚያ ነው። ቀፎ በር ላይ ምላሱን አውጥቶ የተዘረረ ንብ በእፍኝ እየታፈሰ ሲጣልም ዝም ማለት አይቻልም። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል። እኛ ሰፈር ተችሏል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምኖረው ፎገራ ነው፤ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሩዝ እንዘራለን። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ከዚያ ከርብና ከጉማራ ወንዝ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከላል። መስከረምና ጥቅምት አደይ አበባውና ኑጉ ሲያብብ ንቦቻችን ይጠግባሉ። በጋው ሲገፋ ግን አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው የመስኖው ማሳ ነው። ንቡም ወደዚያው ይወርዳል። የጀርባ መርጫ በየቤቱ የሚወጣውም በዚያው ሰሞን ነው።

መጀመሪያ ዙሪያችሁን እወቁ

ቀሳሚ ንቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ከቀፎው 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ርቀት ባለው ክልል ውስጥ ነው። አበባ ከጠፋ ከዚያም አልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ አጥራችሁ ሥር ያለውን ማሳ ብቻ ማወቅ አይበቃም። በእግራችሁ ዙሩ። ማን ምን እንደተከለ፣ መቼ እንደሚያብብ፣ ንቦቹ ውሃ የሚጠጡት ከየት እንደሆነ ተመልከቱ።

ሁሉም ማሳ እኩል አያሰጋም። ለኮረት የተተከለ ሽንኩርት ሳያብብ ስለሚነቀል ንብ በራሱ አይጠራም። ለዘር የተያዘ ሽንኩርት ግን ካበበ ቀኑን ሙሉ በንብ ይሞላል። እሱ ላይ በአበባው ጊዜ የሚረጭ ጸረ-ተባይ ከሁሉ የከፋው ነው። ቲማቲም ያብባል፤ ብናኙ ግን ጠባብ ቱቦ ውስጥ የተያዘ ስለሆነ የእኛ ንብ ብዙም አትደርስበትም። እንዲህ ባለው ማሳ ንብ የሚሞተው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በሰብሉ መሐል ያበበው አረም ነው፤ መጩና የዱር ጎመኑ። ሁለተኛው ነፋስ ወደ ድንበሩ አበባ የሚወስደው ርጭት ነው። ሦስተኛው ውሃው ነው፤ መርጫ የታጠበበት ቦይና በቅጠል ላይ ያቆረ ጠብታ። በጋ ላይ ንብ ውሃ አጥብቃ ትፈልጋለች። ብዙ አናቢ አበባውን ብቻ እያየ ቦዩን ይረሳዋል።

ቦዩን በተመለከተ መፍትሔው ቀላል ነው። ከቀፎዎቹ አጠገብ የራሳችሁን ውሃ አኑሩ። የተሰነጠቀ ጋን ወይም ሰፋ ያለ ሳህን ይበቃል። ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጠጠርና እንጨት ጣል አድርጉበት። ይህ የሚደረገው የርጭቱ ወቅት ከመድረሱ በፊት ነው። ንብ አንዴ የለመደችውን የውሃ ቦታ በቀላሉ አትለቅም። ቦዩን ከለመደች በኋላ ሳህን ብታቀርቡላት ዞራ አታይላችሁም። ውሃው አንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም።

ከዚያ ሂዱና አነጋግሩ

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ብዙ ሰው ወደ ጎረቤቱ የሚሄደው ንቡ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚናገረው ሁሉ ክስ ይሆናል፤ ጎረቤትም ራሱን መከላከል ይጀምራል። እናንተ ችግኙ ገና ሲተከል ሂዱ። ማር ካላችሁ ጥቂት ይዛችሁ ሂዱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለንብም ይሠራል።

እኔ እንዲህ ነው የምላቸው፦ «አያ፣ ንቦቼ የሚውሉት ከእርስዎ ማሳ ነው። መድኃኒት ሊረጩ ሲያስቡ ከዋዜማው ቢነግሩኝ፤ ርጭቱንም ማታ፣ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ቢያደርጉልኝ። አይርጩ አልልም፤ እኔም ሽንኩርት አለኝ፤ እረጫለሁ።» መጨረሻ ላይ ያለውን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። አርሶ አደር የሚፈራው ሰብሉን ተባይ እየበላው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ መጠየቁን ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልስ «ማታ ማን ይረጫል? ቀን ነው የሚመቸኝ» የሚል ነው። እዚህ ላይ ስለ ንብ ማውራቱን ትቼ ስለ ተባዩ አወራለሁ። ትሪፕስ በጠራራ ፀሐይ ከቅጠሎቹ መገናኛ ሥር ይሸሸጋል። የቲማቲሙ ቱታ አብሱሉታ የእሳት ራት ቀን ተደብቃ ውላ ሲመሽና ሲነጋ ነው የምትንቀሳቀሰው። በ2009 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን የገባው የአሜሪካ ተምችም በቆሎው ጉሮሮ ውስጥ ተወሽቆ ውሎ በዋናነት የሚበላው ሌሊት ነው። ቀን የተረጨ ፈሳሽ ግማሹ በፀሐይ ይተናል፤ ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል። ማታ ነፋሱ ጋብ ይላል፤ ገንዘብ የወጣበት መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ሌላም አለ። የሚረጨው ሰው ቀትር ላይ በሙቀቱ የተነሣ አፉን አይሸፍንም፤ ቱታም አይለብስም። ሲመሽ ግን ይለብሳል። ለልጆቹ አባት ጤናም ማታ ይሻላል። ይህን የምለው ንቤን ለማትረፍ ስል ብቻ አይደለም፤ ጓንት ሳያደርግ ኬሚካል በእጁ የሚያማስል ሰው ሳይ ያመኛል።

«ማለዳስ አንድ አይደለም ወይ?» የሚል አለ። አንድ አይደለም። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ንቦች ሁሉ ከገቡ በኋላ የተረጨ ፈሳሽ ሌሊቱን ሙሉ ለመድረቅ ጊዜ አለው። አንዳንዱም እስኪነጋ ኃይሉ ይቀንሳል። ማለዳ የተረጨው ግን ንቦች ሲወጡ ገና እርጥብ ነው። ማታ ጨርሶ ካልተቻለ ብቻ ጎህ ሳይቀድ ይሁን።

የሽንኩርት ዘር ለሚያመርት ሰው የምነግረው ሌላ ነው። በአንድ የሽንኩርት አበባ ላይ ብናኙ የሚፈስሰው የሴቴው ክፍል ለመቀበል ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ብናኙን ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው የሚያደርስ ነፍሳት ከሌለ ዘር አይሞላም። ኑግም በራሱ ብናኝ አያፈራም። በአበባ ጊዜ ንብ የገደለ ሰው ከራሱ ምርት ቀንሷል። ይህን የተረዳ ዘር አምራች ቀፎ ማሳው ዳር እንድታስቀምጡለት ራሱ ይለምናችኋል።

በሀገር ደረጃ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 አለ። ማወቁ ጥሩ ነው። ግን ሕግ እየጠቀሱ ጎረቤት ደጃፍ መቆም እኔ አልመክርም። ሕጉን ለቀበሌው ስብሰባ አቆዩት።

ምን እንደሚረጭ ጠይቁ

ጠርሙሱን ወይም ከረጢቱን ካያችሁ በጣም ጥሩ ነው። ገበያ ላይ የንግድ ስሙ ብዙ ስለሆነ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የውስጡን ስም ፈልጉ። ክሎርፓይሪፎስ፣ ዳይመቶዌት፣ ፕሮፌኖፎስ፣ ማላታይን፣ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ከሆነ ንብ ይገድላል። ልዩነቱ ለስንት ጊዜ ይገድላል የሚለው ነው። አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ ይደክማል። ዳይመቶዌት ግን ቅጠሉ ላይ ለቀናት አደገኛ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ኢሚዳክሎፕሪድ ደግሞ ተክሉ ውስጥ ሰርጎ እስከ አበባው ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 እ.ኤ.አ. ከቤት ውጭ እንዳይረጭ ያገደው ስለ ንብ ሲባል ነው።

ዓይነቱም ይለያያል። ዱቄቱ ከፈሳሹ ይብሳል። ምክንያቱም የንቧ ፀጉር የአበባ ብናኝ እንደሚይዘው ሁሉ ዱቄቱንም ይዞት ወደ ቀፎ ይገባል። እዚያ ደርሶ እጩንም (ገና ያላደጉትን የንብ ልጆች) አሳዳጊዎቹንም ይጨርሳል። ተምች ትንሽ ሳለ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የሚባለው ከባክቴሪያ የተሠራው መድኃኒት ከተገኘ እሰዬው ነው፤ የሚገድለው አባጨጓሬውን እንጂ ንቧን አይነካም። የኒም ዛፍ ፍሬ ውሃም ከብዙዎቹ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ማታ ይረጭ።

መደባለቅ ልማድ ሆኗል። ጸረ-ተባዩና ጸረ-ፈንገሱ አንድ ላይ መርጫው ውስጥ ይገባሉ፤ «አንድ ጊዜ ልገላገል» ነው ነገሩ። አንዳንድ ጸረ-ፈንገስ ብቻውን ንብ ባይገድልም የጸረ-ተባዩን መርዝነት ያበረታዋል። ለስንዴ ዋግ ቲልት እያልን የምንገዛው ፕሮፒኮናዞል ከላምዳ ሳይሃሎትሪን ጋር ሲገናኝ ለንብ እንዲህ ነው። ለየብቻ እንዲረጩ ጠይቁ።

ጸረ-አረሙን አትርሱ። ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ጠራርጎ ያጠፋል። ክረምት ሲወጣ ንብ ቀና የምትለው በእነዚያው አበቦች ነው። ማሳው ይጽዳ፤ ድንበሩና የቦዩ ዳር ግን ሳይረጭ ይቅር። ይህን የጠየቅሁት ሰው እስካሁን እምቢ ያለኝ የለም፤ ድንበር ላይ መርጨት ለእሱም ብክነት ነው።

መርጨቱ ራሱ ያስፈልግ እንደሆነም አብራችሁ እዩ። ሳምንት በመጣ ቁጥር ተባይ ኖረም አልኖረም የሚረጭ ሰው ብዙ ነው። ትሪፕስም ቱታ አብሱሉታም መድኃኒት ቶሎ በመልመድ የታወቁ ናቸው። ማሳው መሐል ገብታችሁ ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ተባዩ ጥቂት ከሆነ ሳምንት ጠብቁ። በመሐል ያበበ አረም ካለ ከርጭቱ በፊት ይታረም ወይም ይታጨድ። እኔ ማጭዴን ይዤ ሄጄ አግዛለሁ፤ ከሁሉ ርካሹ የንብ መድኃኒት ይህ ነው።

የርጭቱ ማታ

ጎረቤት «ዛሬ ማታ ነው» ካላችሁ፣ ማሳው ካላበበ፣ ነፋስም ከሌለ ቀፎውን አትንኩት። ንቡን ማወኩ ጉዳቱ ይበልጣል። ያበበ ከሆነ ወይም መድኃኒቱ ጠንካራ ከሆነ መዝጋት ይቻላል። አዘጋጉ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ንቦቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ በሩን በሽቦ ወንፊት ዝጉ። በጭቃ ወይም በጨርቅ አትድፈኑት፤ አየር ያስፈልጋቸዋል። ባህላዊ ቀፎ ከሆነ ስንጥቁን ሁሉ ፈልጋችሁ በእበት ለስኑና ዋናውን በር ለወንፊቱ ተዉት። ከዚያ ጆንያ ውሃ ነክራችሁ ከላይ አልብሱት። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ጆንያው እንዳይደርቅ ደጋግማችሁ አርጥቡ። ዘመናዊ ቀፎ ከሆነ ንቦቹ የሚተነፍሱበት ቦታ እንዲያገኙ ባዶ የማር ክፍል ጨምሩለት። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ፣ ማሳው ደርቆ ካያችሁ ክፈቱላቸው። መድኃኒቱ ቶሎ የማይደክም ከሆነ በጥላ ሥር እስከ ማታ ማቆየት ይቻላል፤ ከአንድ ቀን በላይ ግን አይሆንም። ብዙ ንብ ያለበት ቀፎ በሙቀት ታፍኖ የሰሙ እንጀራ ቀልጦ ሊያልቅ ይችላል። የእኛ ንብ ደግሞ ቁጡ ናት፤ ከተጨናነቀች ስትከፍቱላት መንደሩን ታውካለች፤ ወይም ጥላችሁ ትኮበልላለች። ልጆችንና ከብቶችን አርቁ።

መድኃኒቱ ለቀናት የሚቆይ ከሆነ፣ ማሳውም ያበበ ከሆነ መዝጋት ዋጋ የለውም። ቀፎውን ማንሣት ነው። ሌሊት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር ራቅ ወዳለ ዘመድ ዘንድ ውሰዱት። አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ካራቃችሁት ቀሳሚዎቹ መንገዱን ስለሚያውቁት ወደ ድሮው ቦታ ተመልሰው ቀፏቸውን አጥተው ያልቃሉ። ባህላዊ ቀፎ ለዚህ ይመቻል፤ በትከሻ ይሄዳል። ከማንሣታችሁ በፊት እንጀራው የተያያዘበትን አቅጣጫ ልብ በሉ። ከተገለበጠ ወይም በጎኑ ከተጋደመ ማር የያዘው እንጀራ ተገንጥሎ አውራዋን ሊጫናት ይችላል።

መርዝ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጤነኛ ቀፎም በየቀኑ ንብ ይሞትበታል። በር ላይ እስከ 100 የሚደርስ ብታዩ የሚያስደነግጥ አይደለም። በአንድ ጠዋት ብዙ መቶ ከወደቀ ግን አንድ ነገር ደርሷል። ለማወቅ ከቀፎው በር ሥር ነጭ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፉ። ማልዳችሁ ተመልከቱ፤ ከዘገያችሁ ጉንዳንና ወፍ ይለቃቅመዋል።

በኬሚካል የተመታ ንብ ምላሱን ዘርግቶ ይሞታል። አንዳንዶቹ እግራቸው ላይ የአበባ ብናኝ እንደያዙ ይወድቃሉ። ያልሞቱት ይንቀጠቀጣሉ፤ በጀርባቸው ተገልብጠው ይሽከረከራሉ፤ መብረር አቅቷቸው መሬት ላይ ይድኻሉ። በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች የገዛ እኅቶቻቸውን አናስገባም ብለው ይጣላሉ። አንዳንዴ ግን በር ላይ ምንም አታዩም። ቶሎ የሚገድል መድኃኒት ከሆነ ቀሳሚዎቹ ማሳው ላይ ይቀራሉ። ትናንት በር ላይ ሲተራመስ የነበረው ቀፎ ዛሬ ጸጥ ካለ፣ ውስጡ ግን አውራዋ፣ እጩና ወጣቶቹ ካሉ ያንን ጠርጥሩ።

ከሌላ ችግር መለየትም ያስፈልጋል። ረኃብ ከሆነ ንቦቹ ጭንቅላታቸውን ባዶው የእንጀራ ቀዳዳ ውስጥ ቀብረው ነው የሚሞቱት፤ ቀፎውም ሲነሣ ቀላል ነው። የአንጀት በሽታ ከሆነ የቀፎው ፊት በኩስ ይዝጎረጎራል። የሞቱት ትልልቅ ዓይን ያላቸው ድንጉላዎች ብቻ ከሆኑ ሠራተኞቹ ራሳቸው አባረዋቸው ነው፤ አበባ ሲጠፋ የተለመደ ነው። የሰም እሳት ራት ድርና የቀፎ ጥንዚዛ ካያችሁ ደግሞ ኅብረ ንቡ አስቀድሞ ደክሞ ነበር ማለት ነው።

ከደረሰ በኋላ

በዚያው ቀን ጻፉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የረጨው ማሳ የት እንደሆነ፣ ሰብሉ አብቦ እንደነበር፣ የመድኃኒቱን ስም። በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ገና ያልደረቁ ሁለት ሦስት መቶ የሞቱ ንቦችን በወረቀት ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፤ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ካገኛችሁ በረዶ ክፍሉ ውስጥ። ፀሐይና ሙቀት መርዙን ያጠፋዋል፤ ከዚያ ቢመረመርም አይገኝም። ለወረዳው የእንስሳት ባለሙያ አሳውቁ። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ፤ ባለሙያው ወዴት መላክ እንዳለበት ያውቃል።

ቀፎውን ክፈቱና ተመልከቱ። አውራዋ ካለች፣ እጩም ነጭና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተስፋ አለው። የጎደለው ቀሳሚ ብቻ ነው፤ ከእጩ የሚወጡት ይተኩታል። ያለ ንብ ባዶውን የቀረ ፍሬም አውጡና የቀሩት ተሰብስበው እጩን እንዲያሞቁ አድርጉ፤ በሩንም አጥብቡ። ደካማ ሲሆኑ ጉንዳንና የሌላ ቀፎ ንብ ለዝርፊያ ይመጣባቸዋል። እጩ በየቀኑ እየሞተ ከቀጠለ መርዙ በተጠራቀመው ብናኝ ውስጥ አለ። ብናኝ የያዙትን ፍሬሞች አውጥታችሁ ቅበሯቸው። ያሳዝናል፤ ግን ካላወጣችሁት ለሳምንታት ይገድላል። አውራዋ ከሞተች ወይም የቀሩት ንቦች ጥቂት ከሆኑ ከሌላ ቀፎ ጋር አዋሕዱ።

ምግብ ስጧቸው። አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ ሟሙቶ፣ ማታ ማታ፣ ቀፎው ውስጥ ይቀመጥ። ደጅ ከተቀመጠ የሰፈሩ ንብ ሁሉ ይከማችበታል። ብናኝ ከተወሰደባቸው ገብስ በሶ ወይም ሹሮ በስኳሩ ውሃ ለውሳችሁ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ከዚያ ቀፎ በዚያ ወቅት ማር አይቆረጥም፤ አይበላም፤ አይሸጥም። ብሳናው ማበብ ሲጀምር፣ ንቦቹም የስኳሩን ውሃ ትተው መውጣት ሲጀምሩ ምግቡን አቁሙ።